ሸክላው ላይ ያለው ትንፋሽ

መስከረም 20 ቀን

ለተወደድሽው የእህቴ ልጅ ለድምቢጥ፣

ከሁሉ አስቀድሞ ሰላምታዬ እንደ ባንዱ መክፈቻ ዜማ ከፍ ብሎ ይድረስሽ። እናትሽ፣ ታላቅ እህቴ፣ ጉልበቷን እንዴት አደረጋት? የላክሁላት ጫማ ልኳ ሆነ ወይ? እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ሥራ በሥራ ላይ ነው፤ ትራምፔቴ ቀዝቅዛ አታውቅም።

ወደ ቁም ነገሩ ልግባ። የአዳራሹ ኃላፊ የባንዱ የምሥረታ በዓል በሚመጣው ወር እንደሚከበር ጽፎልኛል። ባንዱን የመሠረትሁት እኔ ነኝና፣ በሰው አገር ሆኜ በአካል ባልኖርም፣ በድምፅ መኖር አለብኝ። ስለዚህ የምልሽን እንደ ኖታ አንብቢው፤ ከራስሽ አትጨምሪበት፣ አትቀንሺበትም።

ወንበሬ እንደ ወትሮው መሀል ላይ ባዶውን ይቀመጥ። ማንም አይቀመጥበት፤ ኮትም አይሰቀልበት። በሰው የላክሁት ካሴት ላይ ሦስት ሶሎዎች አሉ። ድራመራችን እንቅልፌ አራት ሲመታ ቴፑን ተጫኚው፤ ባንዱ ከሥሬ ቀስ ብሎ ይግባ። ሳክስፎኑ እኔ ስናገር ዝም ይበል፤ ትልቅ ሰው ሲናገር አይቋረጥም። አንቺም ሁለተኛውን ድምፅ ያዢና እኔ ሽቅብ ስወጣ ዝቅ በይ። ልጅ ሆነሽ ትከሻሽን በዱላዬ ጫፍ እየነካሁ «ቀጥ በይ» ስልሽ የነበረው ሥርዓት እንድታውቂ ነው።

የሬዲዮ ጣቢያው ሰዎች መጥተው እንደሚቀዱ ሰምቻለሁ። ቅጂውን አስገልብጠሽ ላኪልኝ። እዚህ ሊሰሙኝ የሚፈልጉ ታላላቅ ሰዎች አሉ።

አጎትሽ፣ የባንዱ መሥራችና መሪ
ነጎድጓድ


ጥቅምት 24 ቀን

ይድረስ ለውድ ጋሼ፣

ጤናህ እንዴት ነው? ትንፋሽህን ፈጣሪ ያርዝምልን። እማዬ ጫማውን ወዳዋለች፤ «ጠበበኝ» አትልም፣ «እግሬ ወፍሯል» ነው የምትለው። ያንተ ነገር መቼም ስህተት አይወጣለትም።

በዓሉ በሰላም አለፈ። እንዳልከው ወንበርህን መሀል አድርገን ቴፑን አጠገቡ በርጩማ ላይ አስቀመጥነው። አሁን የምነግርህን ሳትቆጣ ስማኝ። የአዳራሹ ቴፕ ይፈጥናል። አንተ ከሄድክ ወዲህ የላክሃቸው ካሴቶች ሁሉ በዚህ ቴፕ ላይ ድምፃቸው ቀጥኖ ሽቅብ ይወጣል፣ ጣትህም ሰው ያባረረው ይመስል ይሮጣል። ጠጋኙ አይቶት «ሞተሩ ነው፣ መለዋወጫ የለውም» ብሎናል። ስለዚህ ባንዱ በሙሉ አንተ ላይ ለመድረስ ሲል ዜማዎቹን ከፍ አድርጎና አፍጥኖ መጫወት ለምዷል። እንቅልፌ በዚህ ዕድሜው ከዘፈን ጋር ሩጫ ገጥሞ ሸሚዙ በላብ ርሶ ይጠመዛል። ይህን ከዚህ በፊትም ጽፌልህ ነበር፤ ምናልባት ደብዳቤው አልደረሰህ ይሆናል።

ሁለተኛው ሶሎህ መሀል ላይ መብራት ጠፋ። ቴፑ እያጓራ ቆመ። አዳራሹ ድቅድቅ አለ፣ የባንዱም እጅ ላላ። ያኔ ትራምፔቴን አንስቼ ገባሁ። ያንተን ልቀጥል ብዬ ነበር፤ ከድንጋጤው የተነሳ ያንተ ጠፋኝና የራሴን ነፋሁ። እንቅልፌ በጨለማው ተከተለኝ፣ ሌሎቹም ገቡ። ሰው ቴፑ መቆሙን ረስቶ «ነጎድጓድ! ነጎድጓድ መጥቷል!» እያለ ወንበር ላይ ወጣ። መብራቱ ሲመለስ ኃላፊው ሮጦ መጋረጃውን ፊቴ ላይ ዘጋውና «ሕዝቡን አታስቀይሚው» አለኝ። ከንፈሬ አብጦ፣ ላቤ እየወረደ፣ አቧራ ከጠገበ ጨርቅ ጀርባ ቆሜ ላንተ የተጨበጨበውን ሰማሁ።

የሬዲዮዎቹ መቅጃ በባትሪ ስለሚሠራ ሁሉንም ይዞታል። ቅጂው ይኸው ከዚህ ደብዳቤ ጋር መጥቷል። መብራቱ ከጠፋ በኋላ ያለው እኔ ነኝ።

አንድ ልመና አለኝ። ኃላፊው ከዚያ ወዲህ ቴፑን ትቶ በየቅዳሜው ከመጋረጃ ጀርባ ያስነፋኛል። ሳምንቱን ሙሉ የተማሪ ዩኒፎርም ስሰፋ እሰነብታለሁ፣ ቅዳሜ ማታ ደግሞ አንተን እሆናለሁ። ማስታወቂያው ላይ ካንተ ስም ሥር በትንሹ የኔም ይጻፍ። «ፈቅጃለሁ» ብለህ አንዲት መስመር ጻፍለት።

አክባሪህ፣ የእህትህ ልጅ
ድምቢጥ


ጥር 15 ቀን

ለእህቴ ልጅ ለድምቢጥ፣

ከዘመድ አዝማድ ጋር ጤና፣ ከሥራ ጋር በረከት ይስጥሽ። ስለዘገየሁ አትታዘቢኝ፤ ባንድ የሚመራ ሰው ቀኑ የራሱ አይደለም።

ካሴቱን ሰማሁት። ከቤቴ ሥር ጎማ የሚጠግኑት ሰዎች መዶሻቸውን አስቀምጠው አንጋጠው እስኪያዩ ድረስ ከፍ አድርጌ ሰማሁት። ያ ሶሎ! መቼ እንደተጫወትሁት ለማስታወስ ግንባሬን ስመታ ሰነበትሁ። ከንፈሬ ብረት በነበረበት ዘመን፣ ከመሄዴ በፊት ባለው ዓመት መሆን አለበት። ደመና ያዘነበውን ጠብታ አይቆጥርም፤ እኔም የነፋሁትን ሁሉ አላስታውስም።

እዚህ ያለው የሸክላ አሳታሚ የመጀመሪያውን ደቂቃ እንደሰማ ከመቀመጫው ተነሳ። ሊያሳትመው ተስማምተናል። ከሰልፈኛ ባንድ ተነስቼ፣ በቀብርና በሹመት ቀን ስነፋ ኖሬ፣ ያን ሁሉ ዓመት ለፍቼ ይኸው በስተርጅና በሬ ተከፈተ። ደስ ሊልሽ ይገባል።

ስለ መብራቱ የጻፍሽውን አይቻለሁ። አዳራሹ ጄኔሬተር ይግዛ ብዬ ለኃላፊው እጽፍለታለሁ። ስለ ማስታወቂያው ደግሞ አትቸኩዪ፤ ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም። ስም ቀስ ብሎ ነው የሚበስለው።

አሁን የምፈልገው ፎቶ ነው። አዳራሹ መግቢያ ላይ የተሰቀለውን፣ በነጩ ሱፍ ልብስ የተነሳሁትን፣ አውርደሽ ላኪልኝ። ለሸክላው ሽፋን ይሆናል።

አጎትሽ ነጎድጓድ


የካቲት 9 ቀን

ለጋሼ፣

ጤናህን ፈጣሪ ይጠብቀው። የኔን ግን አንተው እያወክኸው ነው።

ደብዳቤህን ስፌት ቤት ሆኜ፣ መኪናው ላይ ጨርቅ እንደተጠመደ አነበብኩት። ቆሽቴ አረረ። የአንዱን ተማሪ እጅጌ ገልብጬ ሰፍቼ እስክጨርስ አላየሁትም፤ አለቃዬ ይዛው በስፌት ቤቱ ሁሉ ዞረች።

ጻፍኩልህ እኮ! መብራቱ ከጠፋ በኋላ ያለው እኔ ነኝ ብዬ፣ በማያሻማ ቋንቋ ጻፍኩልህ። አንተ ስለ ጄኔሬተር ታወራኛለህ! ያንን ሶሎ በወጣትነትህ አልተጫወትከውም፣ በሽምግልናህም አልተጫወትከውም። ካላመንክ ደግመህ ስማው። መሀሉ ላይ፣ ሽቅብ ስወጣ፣ እንቅልፌ «ወይኔ ልጄ!» ብሎ ሲጮህ ይሰማል። እንቅልፌ አንተን ልጄ ብሎህ ያውቃል? ካንተ የሚያንስ ሰው እኮ ነው!

እንግዲህ እኔም አንድ ነገር ልጠይቅህ። ትዋሻለህ ወይስ ጆሮህ ደክሟል? ለሙዚቀኛ የትኛው እንደሚሻለው አንተው ምረጥና ንገረኝ።

ሸክላው እንዳይታተም። የሚታተም ከሆነ ስሜ ይጻፍበት። ፎቶውን አልልክም፤ ከግድግዳው ላይ ንክች አላደርገውም።

እማዬ ይህን ስጽፍ አጠገቤ ተቀምጣ «ወንድሜን አታዋርጂብኝ፣ አባትሽ ሲሞት ያሳደገሽ እሱ ነው» እያለች ታለቅሳለች። ያሳደግከኝ አንተ መሆንህን አልካድኩም። እሱን ያነሳ ሰው የለም፤ የተነሳው የነፋሁት ነገር ነው።

ድምቢጥ


ሚያዝያ 2 ቀን

ለድምቢጥ፣

ሰላምታ ለሚገባው ሰላምታ ይድረሰው።

ፎቶው በጥሩ ሁኔታ ደርሶኛል። እናትሽ ለኃላፊው ነግራ አስወርዳ በሰው ላከችልኝ። እሷ ወንድም ማለት ምን እንደሆነ ታውቃለች። ሸክላውም ታትሞ ወጥቷል፤ ነጩ ልብሴ በጥቁር መደብ ላይ ሆኖ ሲያዩት ያምራል።

አሁን ደግሞ ስሚኝ። ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ ይባላል። «ትዋሻለህ» ብሎ የጻፈውን እጅ ትራምፔት እንዴት እንደሚያዝ ያስተማረው ማን ነው? ትንፋሽ ከደረት ሳይሆን ከሆድ እንደሚወጣ የነገረሽ ማን ነው? እኔ ያንን ባንድ ስመሠርት ጃዝ የሚባል ነገር ጆሮው የገባ ሰው በከተማው አልነበረም። ለሰልፍ የተሠራ ትራምፔት ይዤ፣ «ይሄ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው ዜማውን የሚሰባብረው» እየተባልሁ፣ አዳራሽ እየተከለከልሁ፣ ጋራዥ ውስጥ በመኪና ዘይት መሀል እያስተማርሁ ነው ያቆምሁት። እንቅልፌን ከአናጢነት አውጥቼ ድራመር ያደረግሁት እኔ ነኝ! በኔ ባንድ፣ በኔ ዜማ፣ በኔ ወንበር አጠገብ ተቁሞ የተነፋ ነገር የማን ሊሆን ኖሯል? ድግስ የሚጠራው በደጋሹ ስም ነው እንጂ በአብሳዩ አይደለም።

እንቅልፌ ጮኸ ያልሽውንም አሳታሚው ቆርጦ አውጥቶታል። ዜማውን ያበላሽ ነበር።

ለታላቅ ሰው መጻፍ እስክትማሪ ድረስ መልስ አትጠብቂ።

አጎትሽ


ግንቦት 28 ቀን

ለአጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ ማለት ልማድ ነውና ጤና ይስጥልኝ። ከዚህ ያለፈ ምርቃት ዛሬ ከአፌ አይወጣም።

ሸክላው እዚህ ደርሷል። ከስፌት ቤቱ ፊት ለፊት ያለው ሙዚቃ ቤት በሩን ሲከፍት በሱ ይጀምራል፣ ሲዘጋም በሱ ይጨርሳል። ሴቶቹ መኪናቸውን እየረገጡ በኔ ሶሎ ራሳቸውን ይወዘውዛሉ። አለቃዬ «እንዴት ያለ አጎት ነው ያለሽ!» አለችኝ። «የምትሰሚው እኔን ነው» አልኳት። አየችኝና ሳቀች። ቁልፍ የምትተክለው ሴትዮ ደግሞ «ድራሙን የምመታው እኔ ነኛ!» ብላ በመቀስ ጠረጴዛውን ደበደበችው። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔም አንገቴን ደፍቼ ኮሌታ ስሰፋ ዋልኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ «ነጎድጓድ፣ ክር አቀብይኝ» ነው የሚሉኝ።

«ወይኔ ልጄ» የሚለውን አስቆረጥከው። ስታስቆርጠው የማን እንደሆነ አውቀህ ነው። ስለዚህ ጆሮህ አልደከመም፤ የካቲት ላይ የጠየቅኩህ ጥያቄ ተመለሰ። እንቅልፌ ይህን ስነግረው ዱላዎቹን ሰብስቦ ጓሮ ወጣ። ከአናጢነት አወጣሁት ያልከው ሰው ነው እንግዲህ።

እማዬ ሬዲዮ ላይ ሰማችው። ጥቂት አደመጠችና «ይሄማ የጓዳችን ድምፅ ነው» አለች። ጎረቤት እንዳይቆጣ ጓዳ ገብቼ፣ ብርድ ልብስ በሩ ላይ ሰቅዬ ስለማመድ ስትሰማኝ ኖራለች፤ እንዴት ይጠፋታል? ወዲያው ግን ያለችውን ራሷም ሰማችውና ደነገጠች። ሬዲዮውን ዘግታ «ለሰው እንዳትናገሪ» አለችኝ። እውነቱን ካወቀች በኋላ ነው እንዳትናገሪ ያለችኝ፤ እኔን የገደለኝ ይሄ ነው። ከዚያ ወዲህ አብረን ገበታ አንቀርብም። እሷ ትበላና ትነሳለች፣ ከዚያ እኔ እበላለሁ።

ስለ ድግስ ጽፈህልኛል። ድግስ በደጋሹ ስም ይጠራል፣ እውነት ነው። አንተ ግን ድግሱ ላይ አልነበርክም። የሰው ወርቅ አያደምቅም። ጅብ በማያውቁት አገር ሄዶ ቁርበት አንጥፉልኝ አለ የሚባለውንም ሳትሰማ አልቀረህም።

ስሜን ሸክላው ላይ አስጽፍ። ሌላ ነገር አልጠየቅኩህም፣ ወደፊትም አልጠይቅህም።

ድምቢጥ


ሰኔ 15 ቀን

ለዓይኔ ብርሃን፣ ለምወድሽ ድምቢጥ፣

ሰላምታዬ ከነናፍቆቱ ይድረስሽ፤ እጅሽ ይባረክ፣ ከንፈርሽን ፈጣሪ ይጠብቅልሽ። ቁጣሽን አነበብሁት። የቤተሰባችን ደም ነው፣ አልፈርድብሽም። እናትሽም በልጅነታችን ስትናደድ ጫማ ነበር የምትወረውርብኝ፤ ዒላማ ስታ አታውቅም።

መልካም ዜና አለኝ። ሸክላው በጣም ስለተወደደ በዚህ ከተማ ትልቁ አዳራሽ እንድጫወት ተጋብዣለሁ። ይህን ለማንም ጽፌ አላውቅም፣ ላንቺ ግን ልንገርሽ። እስከ ዛሬ የምጫወተው በሆቴል ምድር ቤት ነው። ሰዉ እየበላ ነው የሚሰማኝ፤ ሹካና ቢላዋ ነው የሚያጅበኝ። «ባንዴ» የምለውም እኔን ጨምሮ ሦስት ሰው ነው፣ አንዱም ቶሎ ቶሎ ይቀራል። አንድ ጊዜ እንኳ ሰው ማንኪያውን አስቀምጦ እንዲሰማኝ ስመኝ ነው የኖርሁት። አሁን ያ ቀን ደርሷል።

ታዲያ አንዲት ትንሽ ነገር ቀርታኛለች። የሶሎውን ኖታ ጽፈሽ ላኪልኝ። ይበልጡን መሀሉን፤ ሽቅብ ወጥቶ፣ ሳይተነፍስ እዚያው ላይ የሚሽከረከረውን። ሸክላውን እየመላለስሁ ሰማሁት፤ የት እንደሚተነፈስ ሊገባኝ አልቻለም። እንዲያውም አሳታሚውን «ሸክላው ይፈጥናል ወይ?» ብዬ ጠይቄው ነበር፤ «ኧረ አይፈጥንም» አለኝ። እባክሽ፣ ኮንሰርቱ መስከረም መጨረሻ ላይ ነው።

ሁለተኛው ኅትመት ሲወጣ ስምሽ ይገባል። የአጎት ቃል ነው።

የሚወድሽ አጎትሽ


ሐምሌ 11 ቀን

ለአጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤህ ማር ማር ይላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

የራስህን ሶሎ ኖታ ከኔ ትለምናለህ? ቁልፍ ለምትተክለው ሴትዮ ባነብላት አንድ ሳምንት ትስቅልኝ ነበር። እኔ ግን አልሳቅኩም። ሹካና ቢላዋ የሚለውን ሳነብ አንጀቴ ተንሰፈሰፈ፤ ከዚያ ደግሞ እንደዚያ በመንሰፍሰፉ ራሴን ተናደድኩበት። አንተ የማይሰማህ ሰው ፊት መንፋት ምን ያህል እንደሚያንገበግብ እያወቅክ ነው እኔን ከመጋረጃ ጀርባ የተውከኝ!

የት እንደሚተነፈስ እነግርሃለሁ፤ መጀመሪያ ግን ከማን እንደተማርኩት ስማ። አንተ ስትሄድ ገና ዜማ መያዝ መጀመሬ ነበር። ሌላ አስተማሪ አልነበረኝም። የአዳራሹ ዕቃ ቤት ውስጥ፣ የተሰበሩ ወንበሮች መሀል፣ ካሴቶችህን ያንን ቴፕ ላይ እየከፈትኩ ካንተ እኩል ለመንፋት እለማመድ ነበር። ቴፑ እንደሚፈጥን ማናችንም አናውቅም ነበር፤ ጠጋኙ የነገረን ከብዙ ጊዜ በኋላ ነው። እኔ ነጎድጓድ የሚባለው አጎቴ እንዲህ ከፍ ብሎ፣ እንዲህ ፈጥኖ፣ ይህን ሁሉ መንገድ በአንድ ትንፋሽ ይሄዳል ብዬ አመንኩ። ከንፈሬ እየደማ ተከተልኩህ። «እሱ የሚችለው እኔን ለምን ያቅተኛል?» ብዬ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ስንቴ አለቀስኩ። በመጨረሻ ደረስኩበት። ለካ እዚያ ማንም አልነበረም። አንተም እዚያ ደርሰህ አታውቅም። እኔን ያስተማረኝ የተበላሸ ሞተር ነው። አላስተማርከኝም አልልም፤ ትከሻዬን በዱላ ያቀናኸው አንተ ነህ። ያንን ሶሎ ግን አንተ አላስተማርከኝም፣ ልታስተምረኝም አትችልም ነበር።

«ሁለተኛው ኅትመት» ላልከው፣ ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ። መጀመሪያ የመቀመጫዬን አለች ዝንጀሮ። ስሜ የታተመበትን ሽፋን ላክልኝ፤ ኖታውን፣ ከነመተንፈሻው፣ በደረሰኝ ማግስት ታገኘዋለህ።

ሽፋኑ ካልመጣ ከመጋረጃው ጀርባ እወጣለሁ። ለኃላፊውም ነግሬዋለሁ፤ «አጎትሽ ይፍቀድ» ብሎኛል። እኔ ግን ፈቃድ መጠየቅ አቁሜያለሁ።

ድምቢጥ


ጥቅምት 3 ቀን

የእህቴ ልጅ ነኝ ለምትለዋ፣

ደስ ይበልሽ! ያለ ኖታሽ ወጣሁ።

ስም፣ ስም፣ ስም ትያለሽ። ለኔ ከስም በቀር ምን ቀርቶልኛል? የፊት ጥርሶቼ ከወለቁ ዓመታት አልፈዋል። ሰው ሠራሽ ነው የተተከለልኝ፤ ትራምፔቱ ሲጫነው ይነቃነቃል። ስልክልሽ የኖርሁት ካሴት ሁሉ ዱሮ የተቀዳ ነው። ምድር ቤት የምጫወተውም ዝግ ያለ፣ ሰው ምግቡን የሚያኝክበት ነገር ነው። ይህን አውቀሽ ቢሆን ኖሮ ኖታውን ትልኪ ነበር ብዬ ራሴን አላታልልም፤ አንቺ ድንጋይ ነሽ።

አዳራሹ ጢም ብሎ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ዜማዎች በሰላም ተወጣኋቸው። ሶሎው ላይ ስደርስ ዝቅ አድርጌ፣ ረጋ ብዬ፣ በራሴ መንገድ ጀመርሁት። ጨዋ አነፋፍ ነበር፣ በዕድሜ የበሰለ። ከኋላ አንዱ «እንደ ሸክላው ንፋ!» አለ። ሌላው ተቀበለው። ትንሽ ቆይቶ አዳራሹ በሙሉ በእግሩ ወለሉን እየደበደበ «እንደ ሸክላው! እንደ ሸክላው!» ይል ጀመር። ልሞክር ብዬ ሽቅብ ስወጣ ጥርሱ ተንሸራተተ፣ ድምፁ ተሰነጠቀ። ሳቁ። ትራምፔቴን ብብቴ ሥር ሸጉጬ በጓሮ በር ወጣሁ፣ ኮቴን እንኳ አላነሳሁም። ያዋረድሽኝ አንቺ ነሽ! በአንቺ ትንፋሽ ነው የደበደቡኝ!

የኔ ነገር አልቋል። የሚቀረኝ እዚያ ያለው ስሜ ነው፣ እሱንም አንቺ ልትወስጂው ተነስተሻል። ስለዚህ ትእዛዜ ይኸው። ከመጋረጃው እንዳትወጪ። ባንዱ የኔ ነው። እናትሽም ትወቀው ብዬ ጽፌላታለሁ፤ «ልጅሽ የወጣች ቀን አንቺም ተቀምጠሽ ካየሻት፣ ወንድም የለሽም» ብያታለሁ።

ነጎድጓድ


ኅዳር 12 ቀን

ለአጎቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። ስለ ጥርስህ አዝኛለሁ፤ ይህን የምልህ ከልቤ ነው። ከዚያ በቀር በምንም አላዝንልህም። «እንደ ሸክላው ንፋ» ያሉህ ሰዎች ልክ ናቸው፤ ፎቶህንና ስምህን አይተው ነው የመጡት። እነሱን መቆጣት ሲያቅትህ ወደኔ ዞርክ። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ይሉሃል ይሄ ነው።

ባለፈው ቅዳሜ ወጣሁ። ኃላፊው «መጋረጃውን አልከፍትም፣ ያንን ሕዝብ አንቺ አታውቂውም» ብሎ ገመዱ ላይ ቆመ። እንቅልፌ ከድራሙ ተነስቶ ኃላፊውን በትከሻው ገፋ አድርጎ ገመዱን ሳበው። ብርሃኑ ዓይኔን መታኝ። እስከዚያ ቀን ከዚያ መድረክ ላይ በራሴ ስም ሰው ፊት ቆሜ አላውቅም ነበር። ማይክሮፎኑ ጋ ሄጄ «በየቅዳሜው የሰማችሁት እኔን ነው። ሸክላው ላይ ያለችውም እኔ ነኝ» አልኩና ሙሉ ስሜን ከነአባቴ ተናገርኩ።

መጀመሪያ ሳቁ። ቀጥሎ ማጉረምረም መጣ። «አታፍሪም? ነጎድጓድን አምጡ!» የሚል ድምፅ ከሰገነቱ ወረደ። አንዱ የለስላሳ ጠርሙስ ወረወረ፣ እግሬ ሥር ተሰባበረ። ሳክስፎኑ ወደኔ ዞሮ «እንመለስ?» አለኝ። «ግባ» አልኩት። እንቅልፌ አራት መታ።

የመጀመሪያውን ግማሽ ማንም አልሰማኝም፣ በጩኸት መሀል ነው የነፋሁት። ሽቅብ የሚወጣው ቦታ ላይ ስደርስ ግን ዝም አሉ። አወቁት። ያወቁት ሁሉ ደስ አላላቸውም፤ እንደተታለለ ሰው ፊታቸው ጠቁሮ ይነሱ ጀመር። ወንበር ሲንጓጓ፣ በሩ ሲከፈትና ሲዘጋ እሰማለሁ። የቀሩትም ነበሩ፤ ብዙ አይደሉም።

እማዬ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነበረች። እንድትመጣ የለመንኳት እኔው ነኝ። ደብዳቤህ እንደደረሳት አላውቅም ነበር፤ አልነገረችኝም። እጇ ላይ ታጥፎ አየሁት። ቀና ብላ ዓይኔን አየችኝና ከሚወጡት ጋር ተነሳች። ጉልበቷ እምቢ ስላላት የወንበሮቹን መደገፊያ እየያዘች፣ አንድ በአንድ፣ በጣም ቀስ ብላ ነበር የምትሄደው። ልጠራት በቂ ጊዜ ነበረኝ። ትራምፔት አፍ ላይ እያለ ግን ሰው መጥራት አይቻልም፤ ይህን ካንተ በላይ የሚያውቅ የለም። «እማዬ» ለማለት ማቆም ነበረብኝ።

አላቆምኩም።

የእህትህ ልጅ